በኮምፒዩተር ሉል ላይ የሚታየው ኢሉባቦር፤ የሰማይና የፕላኔት ምስሎች እንዴት ይሰናዳሉ?

በዞንና በወረዳ መሥሪያ ቤቶች የሚቀርቡ የዕቅድና የአፈጻጸም ሪፖርቶች በሳተላይት ምስል መታጀባቸው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ፕሮጀክተሩ ሲበራ በከዋክብት መካከል የምትዞር ሰማያዊ ምድር ትታያለች። ቀጥሎ አፍሪካ፣ ከዚያም ኢትዮጵያ እየጎላች ትመጣለች፤ በመጨረሻም የመቱ ከተማ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ወደ ጎሬ የሚወስደው መንገድና በዙሪያው ያለው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ግድግዳው ላይ ያርፋሉ። ተሰብሳቢው የሚያየውን እንደ አንድ ፎቶግራፍ ይቀበለዋል። ይሁንና ከከዋክብቱ ጀምሮ እስከ ደኑ ቀለም ድረስ የሚታየው ሁሉ በባለሙያ እጅና በኮምፒዩተር ስሌት የተገጣጠመ፣ የታረመና የተቀባ ነው።

ይህ ሲባል ምስሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን መቼና በምን መሣሪያ እንደተነሣ፣ ምን እንደተጨመረበትና ምን እንደተቀነሰበት ሳይጠየቅ የውሳኔ ሰነድ አካል የሚሆን ምስል የሰውን ይዞታ ሊነካ ይችላል። ኢሉባቦርን በመሰለ፣ ዓመቱን በአመዛኙ ደመና በሚሸፍነውና ቡና በዛፍ ጥላ ሥር በሚለማበት አካባቢ ደግሞ ጉዳዩ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ይከብዳል።

የያዩ የቡና ደን ለዚህ ቅርብ ማሳያ ነው። ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ 167,021 ሄክታር ስፋት ይዟል። ከዚህ ውስጥ 27,733 ሄክታሩ የደን ቡና ዝርያ የሚጠበቅበት ማዕከላዊ ክልል፣ 21,552 ሄክታሩ በዙሪያው ያለ የመከላከያ ቀጠና፣ ቀሪው 117,736 ሄክታር ደግሞ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት የሽግግር ቀጠና ነው። በአንዱ ቀጠና የሚፈቀደው በሌላው ይከለከላል። መስመሩ በምስል ላይ ሲሰመር ጥቂት ነጥቦች ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ለተመልካች የሚታወቅ ነገር የለም፤ መሬቱ ላይ ግን አንድ አባወራ ለዓመታት የለቀመው ቡና ከክልሉ ውስጥ ወይም ከክልሉ ውጭ ይሆናል።

ምስሉ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ፕሮጀክተሩ በሚያሳየው ቅደም ተከተል፣ ማለትም ከሰማዩ መጀመር ይቀላል።

የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1972 ምድርን በሙሉ ገጽታዋ ሲያነሡ አፍሪካና የዓረቢያ ልሳነ ምድር ጎልተው ወጥተዋል። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ግን አንድም ኮከብ አይታይም። ምክንያቱም የፀሐይ ብርሃን ያረፈባትን ምድር በትክክል ለማንሣት ካሜራው ብርሃን የሚቀበለው ለቅጽበት ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ደካማው የኮከብ ብርሃን ምልክት ሊተው አይችልም። እንግዲህ በስብሰባ አዳራሽ የሚታየው በከዋክብት የተሞላ ሰማይ ለውበት ተብሎ የገባ ነው። የአፖሎው ፎቶግራፍም ቢሆን በመጀመሪያ ሲነሣ ደቡቡ ወደ ላይ ስለነበር፣ ለሕዝብ የቀረበው ሰው በለመደው አቅጣጫ ተገልብጦ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም።

በኮምፒዩተር ግራፊክስ የጀርባ ሰማይ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እጅግ ሰፊ የሆነ ኳስ ወይም ባለ ስድስት ገጽ ሣጥን ተወስዶ በውስጠኛው ገጹ ላይ የሰማይ ምስል ሲለጠፍ ነው። ምድርም ተመልካቹም በመካከሉ ይቀመጣሉ። ለዚህ ከሚያገለግሉት ምስሎች አንዱ የአውሮፓ ደቡባዊ ታዛቢ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረገው፣ በፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሰርዥ ብሩኒዬ የተነሣውና 800 ሚሊዮን ነጥቦች ያሉት የፍኖተ ሐሊብ ምስል ነው። ሁለተኛው መንገድ ምስል ሳይለጥፉ እያንዳንዱን ኮከብ ከመዝገብ እያነበቡ በየቦታው ማኖር ነው። ሴለስቲያ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሂፓርኮስ በተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት ልኬት ላይ ተመሥርቶ ከ100,000 በላይ ከዋክብትን በዚህ አኳኋን ያሳያል። ስቴላሪየም የተባለው ደግሞ ከ600,000 በላይ ከዋክብት ይዞ፣ ተጠቃሚው በመረጠው ሥፍራና ሰዓት የሚታየውን ሰማይ ያቀርባል።

ልዩነቱ ለመምህራን ይጠቅማል። በተለጠፈ ሥዕል ላይ የሚታየው ሰማይ የየትኛው አገር እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል። በመዝገብ የሚሠራው ግን ሥፍራው መቱ ነው ተብሎ ሲሞላለት የሰሜን ኮከብን ከአድማስ ስምንት ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ አድርጎ ያስቀምጣታል፤ በተራራ ወይም በዛፍ ልትጋረድም ትችላለች። በደቡብ በኩል በአውሮፓ ሰማይ የማትወጣዋን የደቡብ መስቀል ያሳያል። ስቴላሪየም የአድማሱን ሥዕል መለወጥም ስለሚፈቅድ አንድ ትምህርት ቤት ከግቢው ሆኖ ዙሪያውን ፎቶግራፍ አንሥቶ የራሱን ኮረብታና ዛፍ በሰማዩ ግርጌ ማስገባት ይችላል።

ወደ ምድር ሲወረድ ሥራው ይረቅቃል። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለችው ምድር መጀመሪያ ቀለም የሌላት ባዶ ኳስ ናት። በላይዋ ላይ በሙያው ቴክስቸር፣ በአማርኛ ልባስ ሊባል የሚችል ጠፍጣፋ ምስል ይለበጥባታል። በትምህርት ቤት ያለው የካርቶን ሉል በታተመ ወረቀት እንደሚሸፈን ማለት ነው። ልባሱ ስፋቱ የቁመቱ እጥፍ ነው፤ 360 ዲግሪ ኬንትሮስ በአግድም፣ 180 ዲግሪ ኬክሮስ በቁም ይዘረጋበታል። በዋልታዎቹ አካባቢ ምስሉ ክፉኛ ይለጠጣል፤ በስዊድን ስቶክሆልም ኬክሮስ ላይ አግድም ርቀቱ ወደ እጥፍ ተስቦ ይታያል። በመቱ ኬክሮስ ላይ ግን መዛባቱ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት ሊባል ይችላል።

በዓለም ላይ በስፋት ከተሠራጩት ልባሶች መካከል የአሜሪካ የጠፈር አስተዳደር ናሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የምድር ምስል ይጠቀሳል። ቴራ የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2004 ከሰበሰበችው መረጃ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለአሥራ ሁለቱ ወራት አሥራ ሁለት የተለያዩ ምስሎች አሉት። ስፋቱ 86,400 በ43,200 ነጥብ ነው። ይህ ከ3.7 ቢሊዮን በላይ ነጥብ ሲሆን፣ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ 11 ጊጋ ባይት ገደማ ይይዛል። ተራ ኮምፒዩተር ይህን በአንድ ጊዜ ማንሣት ስለማይችል ምስሉ ስምንት ቦታ ተቆራርጦ ይሰጣል፤ ኢሉባቦር የምትገኘው ከምድር ወገብ በላይ ከዜሮ እስከ 90 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ቁራጭ ግርጌ ላይ ነው።

በዚህ ምስል አንዱ ነጥብ በመሬት ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። መቱና ጎሬ በአየር መስመር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ በመካከላቸው 40 ያህል ነጥቦች ይገባሉ። ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚሸከሙት አነስተኛው ልባስ፣ ማለትም 2,048 ነጥብ ስፋት ያለው፣ ሲጫን ግን አንዱ ነጥብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆንና ሁለቱ ከተሞች በአንድ ነጥብ ወይም በጎረቤት ነጥቦች ይወከላሉ። የፕሮግራሙ ተጠቃሚ ቢያጎላው ነጥቡ ይሰፋል እንጂ አዲስ መረጃ አይወጣም። ኮምፒዩተሩ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ቀለም እያለሰለሰ ስለሚሞላው ምስሉ የጠራ ሊመስል መቻሉ ደግሞ ስሕተቱን ያብሰዋል።

ይህ ቁጥር በሄክታር ሲመነዘር የበለጠ ይገባል። ግማሽ ኪሎ ሜትር በግማሽ ኪሎ ሜትር የሆነ ነጥብ 25 ሄክታር ነው። በኢሉባቦር የአንድ አርሶ አደር ይዞታ ከአንድና ከሁለት ሄክታር እምብዛም ስለማያልፍ፣ የብዙ ቤተሰብ ማሳ፣ ጓሮና ቡና በአንድ ቀለም ተጠቃልሎ ይቀመጣል። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች 30 ሜትር በሆነ ነጥብ ስለሚያነሡ አንድ ሄክታር በ11 ነጥብ ይወከላል፤ ሴንቲኔል ሁለት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ደግሞ በ10 ሜትር ነጥብ አንዱን ሄክታር በ100 ነጥብ ያሳያሉ። የሁለቱም ምስል ያለ ክፍያ ይገኛል። የላንድሳት መዝገብ ለማንም በነፃ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ከሁሉ በላይ የኢሉባቦርን ምስል የሚያስቸግረው ደመና ነው። በአካባቢው ዝናቡ ከሚያዝያ ግድም ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ጎሬ በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚመዘገብባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሳተላይቶቹ በአብዛኛው ረፋድ ላይ ያልፋሉ፤ በክረምት በዚያ ሰዓት የሚያዩት የደመና ጣሪያ ነው። ስለሆነም ልባሱን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ለአንድ ሥፍራ በልዩ ልዩ ቀናት የተነሡ ምስሎችን ይደራርቡና ለእያንዳንዱ ነጥብ ከደመና የጸዳውን ቀን ይመርጣሉ። ጉግል ኧርዝ እ.ኤ.አ. በ2013 ከላንድሳት ሰባት፣ በ2016 ደግሞ ከላንድሳት ስምንት መረጃ ያዘጋጀው ደመና የሌለበት የዓለም ምስል የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ውጤቱ ያማረ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ቀን በኢሉባቦር ኖሮ አያውቅም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጥቦች አንዱ የዚህ፣ ሌላው የዚያ ዓመት ሊሆኑ ይችላሉ። የተመረጡት ቀናት በአመዛኙ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የበጋ ወቅት ውስጥ ስለሚወድቁ ምስሉ የሚያሳየው በጋውን ብቻ ነው፤ ክረምት የሚሞላ ረግረግ፣ የሚቆረጥ መንገድ፣ የሚሰፋ ወንዝ አይገኝበትም። ባለፉት ሁለት ዓመታት የተመነጠረ ደንም ከምስሉ ውስጥ ቆሞ ሊታይ፣ ያገገመ ደንም እንደተራቆተ ሊቆይ ይችላል። ላንድሳት ሰባት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2003 ጀምሮ በደረሰባት ብልሽት ከእያንዳንዱ ምስል ወደ 22 በመቶ የሚጠጋውን በሰንበር መልክ ታጣ ስለነበር፣ ክፍተቱ ከሌላ ቀን በተወሰደ ቁራጭ ይደፈን ነበር። በአንዳንድ የቆዩ ካርታዎች ላይ የሚታየው ሽንትር የእርሻ ድንበር ሳይሆን የዚህ ጥገና ፋና ነው።

ቀለሙም የራሱ ታሪክ አለው። ከጠፈር ሲታይ አየሩ ራሱ በምድሩ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ይጨምራል፤ ባለሙያው ይህን በስሌት ያነሣዋል፤ ቀጥሎም የጎረቤት ምስሎች ቀለም እንዲመሳሰል ያስተካክላል። ማስተካከሉ ሳይሠምር ሲቀር ሁለት ምስሎች የተጋጠሙበት ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ በአንድ በኩል ደኑ ጥቁር አረንጓዴ፣ በሌላው ገርጣ ያለ ይመስላል። መስመሩን ያየ ሁሉ ደኑ በዚያ ወገን ተጎድቷል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሌላም አለ፤ ለምለም ቅጠል ለሰው ዓይን የማይታየውን የታሕታይ ቀይ ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልስ፣ የደን ባለሙያዎች ይህን ብርሃን በቀይ ቀለም ተክተው ምስሉን ያወጣሉ። ያን ጊዜ የኢሉባቦር ደን እንደ ደም ቀልቶ ይታያል። ጤነኛ ደን ነው፤ በጉዳዩ ላይ ያልሠለጠነ ኃላፊ ግን ቃጠሎ ያየ ሊመስለው ይችላል።

የወራቱ ልዩነት ከቡሬ አቀበት ላይ ሆኖ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ከጎሬ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ሲወረድ ከ500 ሜትር ብዙም ወደማይርቅ ሜዳ ይደረሳል። በናሳ የጥር ልባስ የጋምቤላ ሜዳ ቡናማና በየቦታው የተቃጠለ ሣር የጠቆረበት ሲሆን፣ የነሐሴው ልባስ ሲጫን አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። የላይኛው ደን ግን ዓመቱን ሙሉ ስለማይረግፍ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ አንድ ሰው የአሥር ዓመት ለውጥ አሳያለሁ ብሎ የአንዱን ዓመት ጥር ከሌላው ነሐሴ ጋር ቢያነጻጽር፣ በረሓ ወደ ደን የተለወጠበት ወይም የዚያ ተቃራኒ የሆነ ሪፖርት ይወጣዋል። የዚህ ዓይነቱን ንጽጽር ሲመለከት ወሩን የሚጠይቅ ኃላፊ ብልህ ነው።

ወደ ያዩ ስንመለስ ችግሩ ወቅቱ ወይም ቀለሙ ብቻ አይደለም። ቡና በደን ሥር የሚለማበት ዘዴ ለሳተላይት ራሱን ይደብቃል። አርሶ አደሩ ከደኑ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ መንጥሮ፣ ትልልቆቹን የጥላ ዛፎች ትቶ ቡናውን ሲንከባከብ ከላይ የሚታየው የዛፍ አናት እንደነበረ ይቀጥላል። በልባሱ ላይ የማይነካው ደንና የሚለቀመው የቡና ደን አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ሁለት የሚቃረኑ ስሕተቶች ይፈጠራሉ። በአንድ በኩል ሥሩ የተራቆተውና ችግኝ የማይተካበት ደን እንደ ሙሉ ደን ይቆጠራል። በሌላ በኩል ለትውልድ የተያዘ የቡና ይዞታ ባለቤት የሌለው ጫካ ተብሎ ለሌላ ዓላማ ሊታጭ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው በሥፍራው ተገኝቶ ማየትና ነዋሪውን መጠየቅ ነው። በገጠር የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ምስሉ በወረቀት ታትሞ ወደ ቀበሌ የሚወርደውና ባለይዞታው ከአዋሳኞቹ ጋር ሆኖ ድንበሩን በጣቱ እያሳየ የሚያሰምረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ልባሱ በጠፍጣፋ ኳስ ላይ አይቀርም፤ ተራራና ሸለቆ እንዲኖረው ከከፍታ መረጃ ጋር ይጣመራል። ለዚህ በሰፊው የሚያገለግለው መረጃ የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኩራኩር ለ11 ቀናት ባደረገችው የራዳር ልኬት ነው። ራዳሩ በጥቅጥቅ ደን ላይ ሲያርፍ የሚለካው አፈሩን ሳይሆን በአመዛኙ የዛፎቹን አናት አካባቢ በመሆኑ፣ በደን ዳርቻ ላይ የሌለ ተዳፋት ይፈጠራል። ለመንገድ ወይም ለውኃ መስመር ቅድመ ጥናት ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከዚህም ሌላ ጉግል ኧርዝ ከፍታን እስከ ሦስት እጥፍ አጉልቶ ማሳየት ይችላል፤ አቅራቢው ለማሳመር ይህን ከፍቶት ከሆነ የሶርና የገባ ወንዞች ሸለቆ ገደል መስሎ ይታያል።

በአሮጌ ካርታና በአዲስ ምስል መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለክርክር ምክንያት ይሆናል። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያዘጋጃቸው የ1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ጂፒኤስና የኮምፒዩተር ሉሎች ግን ሌላ መነሻ ይጠቀማሉ። አንዱ ወደ ሌላው ሳይቀየር ቢደራረቡ በአገራችን 200 ሜትር ያህል መንሸራተት ይከተላል። 200 ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የድንበር ርዝመት ላይ 20 ሄክታር ማለት ነው። መቀየሪያው በማንኛውም የካርታ ፕሮግራም ውስጥ ያለና የደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገው ካርታው በየትኛው መነሻ እንደተሠራ ከኅዳጉ ላይ ማንበብ ብቻ ነው።

ልባስን መለወጥ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሴለስቲያ የምድርን ምስል ከራሱ ፎልደር ውስጥ ስለሚያነብ፣ አዲሱን ፋይል በቦታው መተካት ወይም በተጨማሪነት መጫን በቂ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ቢሮም ፋይሉ በፍላሽ ሊመጣ ይችላል። ምስሉ ስፋቱ የቁመቱ እጥፍ እንዲሆን፣ የግራና የቀኝ ጠርዙም እንዲገጥም መጠንቀቅ ያሻል፤ ካልሆነ በውቅያኖስ መካከል ስፌት ይታያል። ትልቅ ልባስ የማይሸከም ኮምፒዩተር ደግሞ በየደረጃው የተቆራረጡ ምስሎችን፣ ወደ ምድር ሲቀረብ የሚያስፈልገውን ቁራጭ ብቻ እየከፈተ ሊሠራ ይችላል።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አምጥቃለች፤ መረጃው የሚቀበለውም በእንጦጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠፈርና የካርታ ሥራው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ተጠቃሏል። ለመሥሪያ ቤቶች የሚጠቅመው ቀላል ልማድ በእያንዳንዱ ምስል ግርጌ የሳተላይቱን ስም፣ ምስሉ የተነሣበትን ቀን፣ የነጥቡን ስፋትና የልኬት መነሻውን መጻፍ ነው። ጉግል ኧርዝ ለሚጠቀሙም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የቀደሙ ዓመታትን ምስል እየመለሱ ማየት ስለተቻለ፣ የያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ በተጀመረበት አካባቢ ቀድሞ ምን እንደነበረ ማነጻጸር ይቻላል።

ክረምቱን በተመለከተ ያለው አማራጭ ራዳር ነው። ሴንቲኔል አንድ የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደመናን ሰንጥቆ በሚያልፍ ሞገድ ሌሊትም ቀንም ምድሩን ያነሣል። ምስሉ ግራጫ ነው፤ አረንጓዴ የለውም፤ ውኃ ጥቁር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በኮምፒዩተር ሉል ላይ ሲለበጥ የማያምር በመሆኑ በስብሰባ አዳራሽ እምብዛም አይታይም። መቱን በሐምሌ ወር ሳያቋርጥ የሚያሳይ ምስል ግን እርሱ ነው።